ያልተጻፈችው ጃፓን

በኢትዮጵያ የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ የጃፓንን ያህል ተደጋግሞ የተነሣ የሩቅ አገር ስም ጥቂት ነው። ይህን ስም በአገራችን ካስተጋቡት ሰዎች መካከል ሦስቱ ከአንድ አካባቢ የበቀሉ መሆናቸውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይልም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተወለዱት በሰያደብር ነው። «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ከበደ ሚካኤል ደግሞ የመንዝ ልጅ ናቸው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የቶክዮን ጎዳናዎች በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያመጣው አበበ ቢቂላም ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው በጃቶ መወለዱን ስንጨምርበት፣ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስለ ጃፓን የሚጽፍ ሰው «ምን አገባህ?» ሊባል አይገባም።

አባቶቻችን ጃፓንን የፈለጓት በበቂ ምክንያት ነው። ነጭ ያልሆነ ሕዝብ ዘውዱን፣ ሃይማኖቱንና ቋንቋውን ሳይጥል መድፍና ባቡር መሥራት እንደሚችል ያሳየች እርሷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1905 ሩስያን ድል ስታደርግ የዓድዋ ድል ገና የዘጠኝ ዓመት ትዝታ ነበር፤ ሁለቱን ድሎች አስተያይቶ ተስፋ ያላደረገ የተማረ ኢትዮጵያዊ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ተክለ ሐዋርያት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ለታወጀው ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የሜይጂ ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ተጠቀሙበት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ሄዱ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. ያንኑ ጥያቄ እንደገና አነሡት፤ እነርሱ እንዴት ሠለጠኑ? እኛስ? ጥያቄው ዘመንና መንግሥት እየለወጠ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም አሮጌው ጥያቄ በአዲስ ልብስ መጣ፤ በዘውዱ ፋንታ የፋብሪካ ወለል፣ በሕገ መንግሥቱ ፋንታ የተስተካከለ መጋዘን።

ይህ ጽሑፍ የአባቶችን ሥራ ለመንቀፍ የተጻፈ አይደለም። ነገር ግን እኛ ከእነርሱ የወሰድነው ጃፓን ሰው የማይኖርበት ጃፓን ነው። መንግሥት አለው፣ ጦር አለው፣ ፋብሪካ አለው፤ ማታ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው የለውም። አንድ አገር በመልእክተኛ ዓይን ሲታይ እንዲህ መሆኑ ያለ ነው። የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ ሲመጣ ዓይኑ ያረፈው በግቢው፣ በጦሩና በገበያው ላይ ነበር። ከአንኮበር ቁልቁለት ውኃ ቀድታ እንስራ አዝላ የምትወጣዋን ሴት ቢያያት እንኳ የመልክዓ ምድሩ አካል አድርጎ ነው፤ ማንን እንደምትወድና እሑድ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምታደርግ የጠየቃት አልነበረም። እኛም ጃፓንን ያየናት በዚሁ ዓይን ነው።

ፍቅር ወደዚህ ታሪክ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ነበር። ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር ጃፓን ሄደው ከነበሩት አንዱ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ልጅ አርአያ አበበ፣ ጃፓናዊት ለማግባት ፈለጉ። ወሬው በጃፓን ጋዜጦች ተሠራጨ፤ ብዙ ሴቶች አመለከቱ፤ የቪስካውንት ኩሮዳ ልጅ ማሳኮ ኩሮዳ ተመረጠች። ይሁንና በ1926 ዓ.ም. ነገሩ ፈረሰ። ስለ አፈራረሱ የጻፉ ሰዎች የጣሊያንን ጫና አዘውትረው ያነሣሉ፤ ሮም በኢትዮጵያና በጃፓን መካከል የሚደረገውን መቀራረብ በክፉ ዓይን ትመለከት ነበርና። ይህ ታሪክ ሲተረክ ስለ ዲፕሎማሲው፣ ስለ ጥጥ ንግዱና ስለ ሙሶሊኒ ብዙ ይባላል። ልጅቱ አዲስ አበባ መጥታ ምን ልትበላ፣ ከማን ጋር ልትጫወት፣ በምን ቋንቋ ልታኮርፍ እንደነበር ግን የሚያነሣ የለም። ጋብቻዋ የሁለት መንግሥታት ፋይል ሆነ፤ ፋይሉ ሲዘጋ እርሷም አብራ ተዘጋች።

አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ጃፓን መጥታ ልታገባን ቀርታ፣ ሴቶቻችን ጃፓን ሄደው ይኖራሉ። ቁጥራቸው ብዙ አይደለም፤ በጃፓን ያሉ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ቢደመሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ብዙዎቹ በምሥራቅ ቶክዮ ካትሱሺካ በሚባለው ክፍል፣ በተለይ ዮትሱጊ አካባቢ፣ ተሰባስበው ይኖራሉ። ከፊሉ በትምህርት ዕድል የሄደ ነው፤ ከፊሉ ጥገኝነት ጠይቆ ዓመታት የሚጠብቅ። ጃፓን ጥገኝነት በመስጠት የምትታወቅ አገር አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ13 ሺህ በላይ አመልካቾች መካከል በስደተኝነት የተቀበለችው 303 ሰው ብቻ ሲሆን፣ ያም በታሪኳ ከፍተኛው ቁጥር ነበር።

ስለነዚህ ሴቶች የምናውቀው ምንድን ነው? ቤሩትና ሪያድ ስለሄዱት እኅቶቻችን ስናወራ እናለቅሳለን፤ ቶክዮ ስለሄዱት ስናወራ እንኩራራለን። ከልቅሶውና ከኩራቱ መካከል ሰውየዋ የለችም። ቴሌቪዥናችን በቶክዮ ጎዳና ላይ ኢትዮጵያዊት የሚያሳየን ስትሮጥ ብቻ ነው፤ ሱቱሜ አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 የቶክዮ ማራቶንን ስታሸንፍ ለሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል አየናት፤ ከዚያ መስኮቱ ተዘጋ።

አንዲት የደብረ ብርሃን ልጅ አውቃለሁ። ስሟንም የምትሠራበትንም አልጠቅስም፤ ስለ ራሷ እንድጽፍ የፈቀደችልኝ በዚህ ውል ነው። በትምህርት ዕድል ሄዳ፣ ተመርቃ፣ እዚያው ሥራ ይዛ የቀረች ናት። ለእረፍት በመጣች ጊዜና ከዚያም በኋላ በስልክ ብዙ አውግተናል። የነገረችኝ ነገር ከመጻሕፍቱ ጃፓን ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ ሐሰትም አያደርጋቸውም። ከአንድ ቤት ውስጥ ሌላ ክፍል እንደ መግባት ነው።

በሰዓት ልጀምር። የጃፓን ሰዓት ከእኛ በስድስት ሰዓት ይቀድማል፤ እኛ ደግሞ ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከሌላው ዓለም በስድስት ሰዓት አዛንፈን ነው። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ማለዳ 12 ሰዓት ሲል በቶክዮም እኩለ ቀን 12 ሰዓት ነው። የእናቷ የግድግዳ ሰዓትና የእርሷ የእጅ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ያሳያሉ። እናትየው «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ባሏት ቁጥር «እዚያው እርስዎ ያሉት ነው እማዬ» ትላቸዋለች፤ እስካሁን አላመኗትም።

ጠዋት የምትሳፈርበት ባቡር ጢም ብሎ ይሞላል። ሰው በሰው ላይ ተደርቦ ቆሞ ሳለ ከእርሷ ጎን ያለው ወንበር ባዶውን የሚጓዝበት ቀን አለ። ማንም አይሰድባትም፣ ማንም አይገፈትራትም፤ ብቻ ወንበሩ ባዶ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ልብሷን ታሸት ነበር፤ በርበሬ ሸትቶ ይሆን ብላ። ኋላ ከሌሎች አፍሪቃውያን ጋር ስታወራ ወንበሩን ሁሉም ያውቀዋል። «አሁን ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ» ብላ ሳቀች። የሥራ ባልደረቦቿ ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ሰላምታ ብቻ ስትሰጥ «ጃፓንኛሽ ግሩም ነው» ይሏታል፤ በእንጨቶቹ ስትበላ ያደንቋታል። አሥር ዓመት ገደማ የኖረችበትን አገር ምግብ መብላት ስለቻለች መመስገኗ አይከፋትም፤ ይደክማታል እንጂ።

ፀጉር ትልቅ ጉዳይ ነው። ወንዶች አንባብያን ይህን አንቀጽ ዘለው ለማለፍ እንደሚፈልጉ እገምታለሁ፤ ባያልፉት መልካም ነው። በሰፈሯ ያለው ፀጉር ቤት በትሕትና መለሳት፤ እጃችን አልለመደውም ብለው። ሹሩባ የምትሠራላት ሴት ጋ ለመድረስ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ትሄዳለች። ባለቤቲቱ ከምዕራብ አፍሪቃ የመጣች ናት። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጎረቤት በረንዳ ላይ ቡና እየተጠጣ የሚሠራው ሥራ እዚያ ሙሉ ቅዳሜ ይበላል። ነገር ግን በሳምንቱ ውስጥ ከፍ ባለ ድምፅ የምትስቅበት ቦታ ያ ብቻ ነው፤ የጋና፣ የናይጄሪያ፣ የጃማይካ ሴቶች ተኮልኩለው ስለ ባል፣ ስለ ቪዛና ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ።

በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያሰበችው ነገር ከነገረችኝ ሁሉ በላይ አብሮኝ ኖሯል። ደብረ ብርሃን ሳለች «ቀይ» ነበረች። የቀለም መዝገባችንን እናውቀዋለን፤ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። ለጋብቻ ሲታሰብ ይህ መዝገብ ከትምህርት ማስረጃ ቀድሞ ይገለጣል። እኅቷ «ጠይም» ናት፤ በልጅነታቸው እንግዳ ሲመጣ የቀይዋ ልጅ መልክ ይደነቅ፣ የጠይሟ ጠባይ ይመሰገን ነበር። ቶክዮ ስትደርስ መዝገቡ በሙሉ ተሰርዞ አንድ ቃል ቀረ፤ «ኮኩጂን»፣ ጥቁር ሰው። «እኔና እኅቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል የሆንነው በጃፓንኛ ነው» አለችኝ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህ ሲገጥማቸው ለማስተባበል ይሞክራሉ። እኛ ሌላ ነን፣ ሰሎሞናውያን ነን፣ ቅኝ አልተገዛንም ይላሉ። እርሷም አንድ ሰሞን ሞክራው ነበር። አድማጩ ጃፓናዊ በትሕትና ራሱን ነቅንቆ «አፍሪቃ ውስጥ አንበሳ ታያላችሁ?» ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ወዲያ አቁማለች። የፀጉር ቤቷ ሴቶች እኅታችን ሲሏት፣ ከእነርሱ ለመለየት ታሪክ መቁጠር አሳፋሪ መስሎ ታያት። በእኔ አስተያየት፣ ስለ ጥቁር ሕዝብ ነፃነት ምሳሌ ነን እያልን ለመቶ ዓመት ስንናገር ከኖርን በኋላ ጥቁር መሆንን ለመቀበል ቶክዮ ድረስ መሄድ ካስፈለገን፣ ይህ የእርሷ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጃፓን ራሷም ከዚህ ጥያቄ ጋር ትታገላለች። እ.ኤ.አ. በ2015 እናቷ ጃፓናዊት፣ አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ የሆነችው አሪያና ሚያሞቶ ሚስ ዩኒቨርስ ጃፓን ሆና ስትመረጥ፣ በናጋሳኪ ጠቅላይ ግዛት ተወልዳ ያደገችውን ልጅ «ሙሉ ጃፓናዊት አይደለችም» ያሉ ጥቂት አልነበሩም። ይህን ስናነብ ራስ መነቅነቅ ይቀናናል። ዳሩ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካው ከበዛ ወዲህ ዓይኑ ቀጠን ያለ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ምን ተብሎ እንደሚጮኽበት የማያውቅ የለም። ኮሪያዊም ይሁን ጃፓናዊ፣ ወይም የቬትናም ሰው፣ «ቻይና! ቻይና!» ነው። በሱቆቻችን መደርደሪያ ላይ ፊት የሚያቀላ ቅባት ተደርድሯል። በደቡብና በምዕራብ የአገራችን ክፍል ለሚኖሩ ወገኖቻችን የተጠቀምንበትን ቃል እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስለ መዝናናት ልመለስ፤ ለዚህ ጸሐፊ ከሁሉ የሚበልጠው ፖለቲካዊ ጉዳይ ይህ ነውና። ልጅቱ ከሥራ ወጥታ፣ ብቻዋን አንድ ምግብ ቤት ገብታ፣ በግራና በቀኝ በጣውላ የተከለለች አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሾርባዋን ጠጥታ ትወጣለች። ማንም «ብቻሽን ነሽ?» አይላትም። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ በብስክሌት ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ከኋላዋ የሚከተል እግር አትሰማም። አንድ ቀን ቦርሳዋን ባቡር ውስጥ ረስታ በማግሥቱ ከነገንዘቧ አገኘችው። በመጋቢት መጨረሻ የቼሪ ዛፎች ሲያብቡ ከጓደኞቿ ጋር ሣር ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ትውላለች፤ ምንጣፉ ላይ ጋቢ ትደርብበታለች፤ ብርዱን የደብረ ብርሃን ልጅ ትንቀዋለች፣ ጋቢው ግን ለወግ ነው። አበባው ከአንድ ሳምንት ብዙም አይዘልቅም። የእኛ አደይ አበባ ሲፈካ ግን ሰው ለብቻው ወጥቶ፣ ተቀምጦ፣ አየዋለሁ ቢል «ምን ነክቶታል?» ይባላል። ሴት ብትሆንማ!

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብን። በደብረ ብርሃን አንዲት ወጣት ሴት ካፌ ውስጥ ብቻዋን መጽሐፍ ይዛ ብትቀመጥ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሦስት ወንድ ስልክ ቁጥር ይጠይቃታል፤ አራተኛው ወንድሟ ዘንድ ይደውላል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በእግሯ ብትሄድ ጥፋቱ የእርሷ ነው። ለሴት ዕረፍት የምንለው ቡና ማፍላትን ነው፤ ዕጣኑ ያማረ ሥራ። እናም ጃፓን እንደምን ሠለጠነች ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከመድፉና ከባቡሩ ሌላ አንድ መልስ አለ፤ ሴት በሌሊት ወደ ቤቷ ብቻዋን እንድትገባ አድርጋ። ጃፓናውያት ራሳቸው የሚከራከሩበት ሌላ ብዙ ቅሬታ እንዳላቸው አላጣሁትም። በዚያ አገር ባልና ሚስት በሕግ አንድ የቤተሰብ ስም መያዝ አለባቸው፤ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ያህል ስሟን የምትለውጠው ሴቲቱ ናት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውም እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2021 ሕጉን አጽንቶታል። የአባቷን ስም እስከ መቃብር ይዛ ለምትሄድ የመንዝ ሴት ይህ ግራ የሚያጋባ ሥልጣኔ ነው።

መዝናናቱም ቢሆን በር አለው፤ በሩ ሁልጊዜ አይከፈትም። ፍል ውኃ እዚያ የሁሉም ሰው ደስታ ነው። ሴቶች ከሴቶች ጋር ራቁታቸውን ገብተው ትከሻቸው ድረስ ተዘፍቀው ዝም ይላሉ። ልጅቱ ይህን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀባት፤ አሁን አትቀርም። ነገር ግን ሆካይዶ ውስጥ ኦታሩ በምትባል ከተማ «ጃፓናውያን ብቻ» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ የመታጠቢያ ቤት ነበር። ሦስት ሰዎች ከሰሱት፤ አንዱ የጃፓን ዜግነት ያገኘ ሰው ነበር። የሳፖሮ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ለእያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን የን እንዲከፈላቸው ፈረደ፤ ከተማይቱን ግን ተጠያቂ አላደረገም። ብዙዎቹ ፍል ውኃዎች ንቅሳት ያለበትንም ሰው አያስገቡም፤ እዚያ ንቅሳት የወንበዴ ምልክት ተደርጎ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፊቷ ላይ የወገኗን ንቅሳት የተነቀሰች አንዲት የኒውዚላንድ ማኦሪ ሴት በዚሁ ምክንያት ተመልሳለች። ልጅቱ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የታያት የእናቷ አንገት ነው። ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አላቸው። አንድ ቀን ወስዳ ልታሳያቸው የምትመኘው ቦታ እናቷን አያስገባም።

ቤት ኪራዩ ከዚህ ይብሳል። የጃፓን ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ባስጠናው ጥናት፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ቤት ፈልገው ከነበሩ የውጭ ዜጎች መካከል ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት የውጭ ሰው በመሆናቸው መከልከላቸውን ተናግረዋል። መድልዎን በጠቅላላው የሚከለክል ሕግ እዚያ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የጥላቻ ንግግር ሕግም ቅጣት የለውም። የውጭ አገር ነዋሪው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከ3.7 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ልጅቱ አራት ቦታ ከተመለሰች በኋላ ነው ቤት ያገኘችው። አከራይዋ ሽማግሌ ሴት ናቸው። ከየት እንደ መጣች ሲሰሙ «አበበ!» አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ልጅ ሆነው መንገድ ዳር ቆመው አይተውታል። ሕግ ያልከፈተላትን በር ከስድሳ ዓመት በፊት የሮጠ የጃቶ ልጅ ከፈተላት። ደስ ይላል፤ ግን የቤት መብት በአበበ ቢቂላ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም ነበር።

ከአበበ ጋር አንድ ሌላ ስም ይነሣል፤ ኮኪቺ ትሱቡራያ። በዚያን ዕለት ስታዲየሙ ውስጥ በእንግሊዛዊው ሯጭ ተቀድሞ ሦስተኛ የወጣው ጃፓናዊ ወታደር ነው። ሊያገባት ያሰባት ልጅ ነበረችው፤ በጦሩ ውስጥ ያሉ አለቃው ከሜክሲኮ ኦሊምፒክ በፊት አይሆንም አሉ፤ ጋብቻው ቀረ። ጉዳትም ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በጥር 1968 ራሱን አጠፋ። ጃፓን እንደምን ሠለጠነች ብለን ስንጠይቅ ይህን ገጽ አንገልጥም። ግዴታ ፍቅርን የሚውጥበት አገር ነው ብዬ አልደመድምም፤ እኛም ልጆቻችንን ለአገር፣ ለቤተሰብ፣ ለስም ስንል ከምን ከምን እንደለየናቸው እናውቃለንና።

ወደ ፍቅሩ እንግባ። ከአገር ቤት የሚደወልላት ስልክ ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው «ሰው አላገኘሽም?» ነው። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ አይፈልግም፤ ቀጠሮ ነው የሚፈልገው። ልጅቱ መጀመሪያ ከአንድ ጃፓናዊ ጋር ትቀራረብ ጀምራ ነበር፤ ለጓደኞቹ ሲያስተዋውቃት አዲስ መኪና እንደሚያሳይ ሰው መሆኑን ስታይ ተወችው። ከዚያ አንድ አሜሪካ የሚኖር የአገር ልጅ በዘመድ በኩል መጣ፤ እርሱ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት «ጃፓኖች ጋር ስትኖሪ እንዴት ነበር አኗኗርሽ?» ብሎ መረመራት። እርሱንም ተወችው። አሁን የወደደችው ሰው የእንጨት ሠራተኛ ነው፤ ጃፓናዊ፤ ዝምተኛ፤ አባቱ ሞተዋል። እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኟት ሦስት ሰዓት ሙሉ አልተናገሩም፤ ስትወጣ ጫማዋን አዙረው ለመውጫ እንዲመቻት አስተካክለው አገኘችው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ሳምንት ስታሰላስል ቆየች። ጥሩ ማለት ነበር።

የእርሷ ቤተሰብ በኩልስ? አባቷ «ሽማግሌ ማንን ይልካል?» አሉ፤ ቀልድ አይደለም፣ ከልባቸው ነው የጠየቁት። አጎቷ ስለ ሃይማኖት ተናገሩ። አንዲት አክስቷ ልጆቹ ምን እንደሚመስሉ ጠየቁ። እናቷ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ቡና ይጠጣል?» አሉ። ይጠጣል። የይርጋጨፌን ስም ከእርሷ በፊት ያውቀው ነበር።

ሰዎቹ እንግዲህ በመንገዳቸው እየተግባቡ ነው። ያልተግባቡት ሁለቱ መንግሥታት ናቸው። ለመጋባት ያላገባች መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ያ ወረቀት ከደብረ ብርሃን ቀበሌ ተነሥቶ፣ ተተርጉሞ፣ በየደረጃው ማኅተም እየተመታበት ቶክዮ ይደርሳል። ካገባች በኋላ በሚስትነት ቪዛ ብትኖር ፍቺ ሲመጣ በ14 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለባት፤ ስድስት ወር ያለ በቂ ምክንያት እንደ ሚስት ሳትኖር ብትገኝ ፈቃዷ ሊሰረዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለው ሕግ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ደግሞ ከፍቺ በኋላ ልጅ የሚያሳድገው ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ስለዚህ ከማግባቷ በፊት የራሷን የሥራ ቪዛ ላለመልቀቅ ወስናለች። ፍቅሯን ከመኖሪያ ፈቃዷ ለይታ ማስቀመጥ ትፈልጋለች። የፍቅር ጉዳይ በዚህ ልክ የሕግ ዕውቀት እንደሚጠይቅ ልባችን የሚያርፍበት ዘፈን ሁሉ አልነገረንም።

ልጅ ሲወለድ የምንጠየቀው እኛ ነን። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ኢትዮጵያዊ ወላጅ ያለውን ልጅ ኢትዮጵያዊ ያደርገዋል። ነገር ግን በሌላው ወላጁ በኩል የውጭ ዜግነት ያገኘ ልጅ አካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። አካለ መጠን 18 ዓመት ነው፤ ስለዚህ 19 ሳይሞላው መወሰን አለበት። ጃፓንም ሁለት ዜግነት አትፈቅድም፤ ሆኖም ለእንዲህ ያለው ልጅ እስከ 20 ዓመቱ ጊዜ ትሰጠዋለች። በዝግነቷ ከምናማት ጃፓን ይልቅ የእኛ ሕግ ይቸኩላል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ መግባትን፣ መሥራትንና መኖርን ይፈቅዳል፤ መምረጥንና መመረጥን ግን አይሰጥም። የአያቱን ንቅሳት የሚያውቅ፣ ከሰዓታቸው ጋር አንድ ቁጥር የሚያነብ ልጅ፣ ሰያደብርና መርሐቤቴ ከጃፓን ሕገ መንግሥት ቀድተው በጀመሩት ፓርላማ ምርጫ ላይ ድምፅ አይኖረውም።

የሁለት ዜግነት ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ስለ አሜሪካ ዲያስፖራ፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ፖለቲካ ወገንተኝነቱ ብቻ ይሆናል። ከዲያስፖራው ገንዘብ የሚጠብቅ ይደግፋል፤ ተቃዋሚ ይሆንብኛል የሚል ይቃወማል። አንድ ጃፓናዊ አናጢና አንዲት የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሚወልዱት ልጅ ያሰበ የሕግ አርቃቂ ያለ አይመስለኝም። አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 2 ይነበብ። ቢያንስ አንዱ ዓመት ወደ አምስትና ስድስት ይስፋ፤ ልጁ አያቱን ለማየት ደብረ ብርሃን መጥቶ፣ አንኮበር ወጥቶ የአፋርን ሜዳ ቁልቁል አይቶ፣ ብርዱን ቀምሶ ይወስን። ሠርጉ በሚመጣው ጥር ነው፤ አዋጁን ለማሻሻል ከዚያ በኋላም ጊዜ አለ።